ምኒልክን ሆኖ ማን ይተውናል? የኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ» ከቶሮንቶ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የተከፈተው በአንድ ንጉሥ የጦር ሜዳ ታሪክ ነበር። የዴቪድ ማከንዚ «አውትሎው ኪንግ» ሀገሩን ከወረረው የእንግሊዝ ጦር ጋር የሚተናነቀውን የስኮትላንድ ንጉሥ ሮበርት ብሩስን ይከተላል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የጂና ፕሪንስ ባይትውድ «ዘ ውመን ኪንግ» የዳሆሜን ንጉሥ ጌዞንና ሴት ወታደሮቹን ይዞ በዚያው ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። በዳንፎርዝ ጎዳና፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር፣ እነዚህን ፊልሞች ያዩ ሰዎች ቡና ላይ ምን እንደሚጠያየቁ ለመገመት አይከብድም። ስኮትላንድ ብሩስን፣ ዳሆሜ ጌዞን ካገኙ፣ ዓድዋን የሚያህል ታሪክ ያለው ሕዝብ ምኒልክን በትልቁ ሸራ ላይ የሚያየው መቼ ነው?

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም አንድ ፊልም ይዘነጋል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 «ዓድዋ፦ አፍሪካዊ ድል» የተባለ 97 ደቂቃ የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል። ብዙ ሰው ይህን ፊልም «የምኒልክ ፊልም» ብሎ አይቆጥረውም። ዘውድ የደፋ ተዋናይ የለበትም፤ በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ አይጋልብበትም። ያሉት ሽማግሌዎች፣ ተራሮች፣ የቆዩ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች፣ ቀረርቶና ዘፈን፣ በመካከላቸውም የዳይሬክተሩ የራሳቸው ድምፅ ናቸው። እንዲህ ያለው አሠራር የገንዘብ እጥረት ብቻ ያስገደደው ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ፊልሙ ስለ ንጉሥና ስለ ወረራ ያለው ሐሳብ የተቀመጠው በዚሁ ውስጥ ነው፤ ትልቁ ብርታቱም፣ ለሚቀጥለው ሠሪ የተወው ትልቁ ዕዳም ከዚሁ ይመነጫል።

ቶሮንቶ ያየቻቸው ነገሥታት

«አውትሎው ኪንግ» የሚጀምረው ሳይቆረጥ ለበርካታ ደቂቃዎች በሚዘልቅ አንድ ቀረጻ ነው። ብሩስ በንጉሥ ኤድዋርድ ፊት ይንበረከካል፤ ወዲያው ከልዑሉ ጋር በሰይፍ ይጋጠማል፤ ቀጥሎ ግዙፍ መወንጨፊያ የሚነድ ነገር ወደ ስተርሊንግ ግንብ ሲወረውር ይታያል። በእነዚያ ደቂቃዎች የሀገር መገዛት የአንድ ሰው ውርደት ሆኖ ይቀርባል። ፊልሙ በ1307ቱ የላውደን ሂል ውጊያ ሲዘጋም ብሩስና የእንግሊዙ ልዑል ጭቃ ውስጥ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በታሪክ ልዑሉ እዚያ ውጊያ ላይ አልነበረም። የጦርነት ፊልም ልማድ ግን ወራሪና ተወራሪ በሁለት ሰዎች ተመስለው እንዲተናነቁ ይፈልጋል፤ ልዑሉም የመጣው ለዚሁ ነው። ማከንዚ ከቶሮንቶው ምሽት በኋላ ከፊልሙ 20 ደቂቃ ያህል ቆርጦ አውጥቷል። በአንድ ሰው ላይ የተተከለው ዐይኑ ግን እንዳለ ነው።

«ዘ ውመን ኪንግ» በዚህ በኩል ይሻላል። ታሪኩን ከዙፋኑ አውርዶ ለሴቶቹ ጦር ይሰጣል፤ ቫዮላ ዴቪስ የምትጫወታት የጦር አዛዥ ናኒስካ ከንጉሡ ይልቅ ገዝፋ ትታያለች። ችግሩ ሌላ ነው። ተመልካች ንጉሡን እንዲወድ ከተፈለገ ታሪኩ መታጠብ አለበት። ፊልሙ ጌዞን ከባሪያ ንግድ ወደ ዘንባባ ዘይት ለመዞር የሚዘጋጅ ንጉሥ አድርጎ ያሳየዋል። የታሪኩ ጌዞ ግን ለረጅም ዓመታት በንግዱ የበለጸገ ገዥ ነበር፤ ንግዱን አቆማለሁ ብሎ የፈረመውም የእንግሊዝ መርከቦች ወደቡን ከዘጉበት በኋላ ነው። ፊልሙ ሲወጣ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው በዚህ ላይ ነበር፤ ክርክሩን ያነሡት ሁሉ ደግሞ የፊልሙ ጠላቶች አልነበሩም። ከባሪያዎቹ ዘር የተወለዱ ጥቁር ተመልካቾችም ይገኙበታል።

እነዚህ ሁለት ፊልሞች የምኒልክን ፊልም ለሚመኝ ሰው ሁለት አደጋ ያሳያሉ። አንደኛው ሕዝቡን ከንጉሡ ጀርባ የሚቆም ግድግዳ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ንጉሡ እንዲያምር ሲባል የሚያስጠይቀውን ነገር መሸሸግ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ» ከመጀመሪያው አደጋ ሙሉ በሙሉ ድኗል። ከሁለተኛው የዳነው ግን በከፊል ነው።

የሰማ ሰው ምስክርነት

ኃይሌ ገሪማ ያደጉት ታሪክ በሚጻፍበትና በሚነገርበት ቤት ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ስለ ጎንደር አርበኞች የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የጻፉ፣ ተውኔትም ያዘጋጁ የነበሩ ሰው ናቸው። «ዓድዋ» የዚህ ቤት ልጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ታሪኩ የሚነገረው ከወንበር ላይ ሆኖ እንደሚያስረዳ የታሪክ ምሁር ሳይሆን፣ አባቶች ሲያወጉ ጆሮውን አቁሞ እንዳደገ ልጅ ነው።

ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ካሜራው ወደ ሽማግሌዎቹ ሲደርስ መቶ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ በፊልሙ የሚናገር ማንም ሰው ዓድዋ ላይ አልተዋጋም፤ ሁሉም ከአባት ወይም ከአያት የሰማ ነው። ሌላ ዘጋቢ ፊልም ይህን እንደ ድክመት ሊሸፍነው ይሞክር ነበር። ኃይሌ ግን ዋናው ነገር አድርገውታል። ሽማግሌው ሲናገር እጁ ይነሣል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ የአባቱን ፉከራ የራሱ ያህል ይፎክራል። ተመልካቹ የሚያየው ጦርነቱን ሳይሆን ጦርነቱ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ሲሻገር ነው። መቶ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ነገር እንዴት እንደተጠበቀ ያሳያል።

ሥዕሎቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። በባህላዊው የዓድዋ ሥዕል ኢትዮጵያውያኑ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ፊታቸው በሁለት ዐይን ይሣላል፤ ጠላት ግን በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይወርዳል፤ ቀኑም የእርሱ በዓል ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ በጥላ ሥር በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ እቴጌይቱም ከሠራዊቱ ጋር ይታያሉ። መካከሉን የሚሞላው ግን ስሙ የማይታወቀው ብዙ ሰው ነው፤ ጎራዴ የያዘ፣ መድፍ የሚተኩስ፣ የወደቀ፣ የወደቀውን የሚያነሣ። እንዲህ ባለው ሥዕል ዘንድ ንጉሡን ለብቻው አቅርቦ ማሳየት የሚባል ነገር የለም። ሠዓሊው ማንንም ከማንም ሳያስቀድም ሁሉንም በአንድ ሸራ ላይ ያሰፍራል። «ዓድዋ» የተቀረጸው በዚህ ዐይን ነው። ምኒልክ በፎቶግራፍ፣ በሥዕልና በሰው አፍ ውስጥ ይኖራሉ፤ ፊልሙን ግን ለብቻቸው አይዙትም።

ተራሮቹንም መርሳት አይገባም። ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17 ሺህ የሚበልጠውን ጦሩን ከፋፍሎ በሌሊት ሲያንቀሳቅስ ክፍሎቹ በእነዚያ ሸለቆዎች ውስጥ ተለያዩ፤ የአልበርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ተያዘ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ። ይህ በመጽሐፍ ሲነበብ የስሞችና የቁጥሮች ሰልፍ ነው። የዓድዋን ተራሮች እየተመለከተ የሚሰማው ሰው ግን ያለ ካርታ ይገባዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ መንገድ የሚያውቀው የሀገሩ ሰው ብቻ ነውና።

ቴዎድሮስ ለምን ቀደመ?

የኢትዮጵያ ደራስያን የውጭ ጦር የመጣበትን ንጉሥ መጻፍ ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ መቅደላ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»ን ለመድረክ አበረከቱ፤ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ጻፉ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ ቴዎድሮስ ተመልሷል። ጸጋዬ «ምኒልክ» የተባለ ተውኔትም አለው፤ ሚዛኑ ግን ግልጽ ነው። ተሸንፎ በገዛ ሽጉጡ የሞተው ንጉሥ ለደራሲ ይመቻል። መጀመሪያ አለው፣ ውድቀት አለው፣ ፍጻሜ አለው።

ያሸነፈ ንጉሥ ግን ለታሪክ ነጋሪ ያስቸግራል። ከድሉ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከተማ ያሠራል፣ ያረጃል፣ ይታመማል። ከዚያም በላይ የምኒልክ ጉልበት ያለው በሰይፍ ላይ አይደለም። ጎጃምን፣ ትግራይን፣ ወሎን፣ ሐረርን፣ ላስታን በአንድ ሰፈር ማሳደር፣ የሻከረውን ራስ ማለሳለስ፣ ለመቶ ሺህ ሰው ስንቅ ማሰብ፣ ደብዳቤ መጻፍና ጊዜ መግዛት ነው። ይህን የሚጫወት ተዋናይ ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው መሆን አለበት። የኃይሌ ፊልም ተዋናይ ባለመፈለጉ ይህን ችግር ዘሎታል። መዝለሉ ግን መፍታቱ አይደለም።

ውዳሴው የማይደርስበት

የፊልሙ ቃና የውዳሴ ነው። ኃይሌ ይህን አይሸሽጉም፤ ርእሱ ራሱ ድሉ የአፍሪካ ነው ይላል። በዋሽንግተኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ላስተማሩ፣ «ሳንኮፋ»ን ለሠሩ ሰው ዓድዋ በቅኝ ግዛትና በባርነት ለተሰበረ ሕዝብ ሁሉ የሚሆን መድኃኒት ነው። ይህ አቋም የሚከበር ነው። ሆኖም ውዳሴ ያመሰግናል እንጂ አይጠይቅም፤ ንጉሥ ደግሞ የሚጠየቅበት ቀን አለው።

መጀመሪያ የመቀሌን ከበባ እንውሰድ። በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበው የማዦር ጋሊያኖ ጦር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከውኃው ተቆረጠ። ጥም ሲያስጨንቀው ምኒልክ መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት። ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓድዋ ላይ ተመልሶ ተዋጋ፤ እዚያው ሞተ። ምሕረት ነበር? የፖለቲካ ብልሃት ነበር? ወይስ ብዙ ኢትዮጵያውያን በደማቸው የከፈሉት ስሕተት? በዚያች ምሽት ድንኳን ውስጥ ጣይቱና ምኒልክ የተነጋገሩትን ማንም አልቀዳም። የድራማ ፊልም ሊገባባት የሚገባው ድንኳን ግን ይህች ናት። ብሩስ በጭቃ ውስጥ ከተፋለመው ፍልሚያ ይልቅ በዚህች ምሽት የሚወሰነው ነገር ይከብዳል።

ሁለተኛው የአስካሪዎቹ ነገር ነው። ሥዕሉ ጠላትን በአንድ ዐይን ይሥላል። ከባራቲየሪ ጦር ውስጥ ግን ብዙ ሺዎቹ የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ፤ ቋንቋቸውም ጸሎታቸውም ከወዲያኛው ሰልፍ ጋር አንድ ነበር። ከድሉ በኋላ ከተማረኩት አስካሪዎች 800 ያህሉ በክዳት ተፈርዶባቸው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ፤ ጣሊያኖቹ ምርኮኞች ግን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ኋላ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ይህ ልዩነት በየትኛውም ሥዕል ሊሸፈን የማይገባው ነው። ምሕረቱን የሚያከብር ፊልም የቅጣቱንም ቦታ ማሳየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው መረብ ነው። ምኒልክ ድሉን ይዘው ወደ አስመራ አልዘለቁም። ሠራዊቱ ስንቅ ጨርሶ ነበር፤ ሀገሩ ከክፉ ቀን ርሃብ ገና አላገገመም፤ ከጣሊያን በኩልም አዲስ ጦር ደርሶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ናቸው፤ ውሳኔው ግን የንጉሥ ነው። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ውል የኢትዮጵያን ነጻነት አጸና። እ.ኤ.አ. በ1900 የተፈረመው ሌላው ውል ደግሞ ድንበሩን በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች ላይ አኖረው። ኃይሌ ገሪማ ይህን ፊልም ይዘው በቀረቡበት በ1999 በዚያ ድንበር ዙሪያ የሁለት ወንድማማች ሀገሮች ልጆች በምሽግ ተፋጠው ይተላለቁ ነበር። ያ ጦርነት በፊልሙ ላይ ጥላውን ሳይጥል አይቀርም። ድሉን የሚዘክር ተመልካች ሳይወድ በግድ የሚያስበው መረብ ላይ የቆመውን እግር ነው።

አራተኛው ጥያቄ የሚነሣው በቶሮንቶ የካቲት 23ን ለማክበር በሚሰበሰብ ማንኛውም ጉባኤ ውስጥ ነው። በዚያ አዳራሽ ምኒልክን «እምዬ» ብሎ የሚጠራ ሰው አለ። ከጎኑ ደግሞ አያቶቹ ስለ ጨለንቆ ወይም ስለ ወላይታ ዘመቻ የነገሩት ሰው ሊቀመጥ ይችላል። የወላይታው ዘመቻ ከዓድዋ በፊት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሁለቱም ሰዎች በዓድዋ ድል ሊኮሩ ይችላሉ፤ የሁለቱም አያቶች እዚያ ዘምተው ይሆናልና። ንጉሡን በአንድ ፊት ብቻ የሚያሳይ ፊልም ግን ከሁለቱ አንዱን ከአዳራሹ ያስወጣዋል። በዳሆሜው ንጉሥ ፊልም ላይ የሆነው ይኸው ነው። የኃይሌ «ዓድዋ» ንጉሡን በሕዝቡ መካከል በማቆየቱ ሁለቱም ተመልካቾች እስከ መጨረሻው እንዲቀመጡ ያስችላል። የንጉሡን ዕዳ ግን አያወራርድም።

ክሊፑና አዳራሹ

እስካሁን ምኒልክን በተዋናይ አስመስሎ ለብዙ ሰው ያደረሰው ፊልም የሚባል ነገር አይደለም፤ የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የዘፈን ክሊፕ ነው። ፈረስ፣ ጎራዴ፣ ጎፈር፣ መድፍ፣ ዘውድ፤ በ«ዓድዋ» ውስጥ የሌለው ሁሉ እዚያ አለ። ክሊፑ ትልቅ ጥማት እንዳለ አሳይቷል፤ ጥማቱን ግን በጥቂት ደቂቃ ያረካል። በዘፈን ምት የሚራመድ ንጉሥ ለመወሰን ጊዜ የለውም። ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ ምልክት ሆኖ ያልፋል። የካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምም ቢሆን ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሐውልት መልስ ይሰጣል እንጂ አያመነታም። ማመንታትን የሚያሳይ ጥበብ ተውኔትና ፊልም ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ፈረሰኛ ማሰለፍ ውድ ነው። ይሁንና ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን አከፋፋይ በራቸውን ሲዘጉባቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ ማኅበረሰቡን ራሱን አከፋፋይ አድርገው ለብዙ ሺህ ሰው አሳይተዋል። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ካገኘ በኋላ በቶሮንቶው ፌስቲቫል ታይቷል። ይህች ከተማም ለባህሏ መዋጮ አላጣችም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲጀምር የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ሲያዋጣ፣ በስካርቦሮ ያደገው አቤል ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2016 50 ሺህ ዶላር ሰጥቷል፤ ትምህርቱም በዓመቱ ተጀምሯል። ለጥንታዊ ቋንቋ መምህር የቀጠረ ማኅበረሰብ ለአንድ ጥሩ የፊልም ድርሰት ጸሐፊ መቅጠር አያቅተውም። ከፈረሶቹ በፊት የሚያስፈልገው ድርሰቱ ነው።

ድርሰቱም ከ«ዓድዋ» ሁለት ነገር ሊወርስ ይገባዋል። የመጀመሪያው ሕዝቡን መካከል ላይ ማኖር ነው፤ በጦር ሜዳው ውኃ ያቀበሉትን ሴቶች፣ ስንቅ የተሸከመውን አህያ፣ መንገድ ያሳተውን የሀገር ሰው፣ ሲፎክር ወድቆ የቀረውን ፊታውራሪ ገበየሁን። ሁለተኛው የሚነገረውን ከሚናገረው አለመለየት ነው፤ ማን እየነገረን እንደሆነ ማወቅ። በዚህ ላይ የሚጨመረው የንጉሡ ውሳኔ ነው። ምኒልክን ሆኖ የሚተውነው ሰው ጎራዴ መምዘዝን ሳይሆን ዝም ብሎ ማድመጥን፣ ከዚያም ተነሥቶ ሰው የሚሞትበትን ቃል መናገርን መቻል አለበት።

እዚህ ቶሮንቶ ተወልዶ ዓድዋን ከአያቱ አፍ የመስማት ዕድል የሌለው ልጅ እየበዛ ነው። ኃይሌ ገሪማ ለዚያ ልጅ አያት አበድረውታል፤ በፊልማቸው ውስጥ እጁን አንሥቶ የሚፎክር ሽማግሌ። ልጁ ሲያድግ ግን ሽማግሌውን የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል። ጋሊያኖ ለምን ተለቀቀ? የእነዚያ ሰዎች እጅ ለምን ተቆረጠ? መረብ ላይ ለምን ቆማችሁ? ቀጣዩ የዓድዋ ፊልም ለእነዚህ ጥያቄዎች ፊቱን የሚያዞር ከሆነ፣ ፈረሱ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ከ1999ኙ ፊልም ወደ ኋላ የተመለሰ ይሆናል።